የፊተኛው መኪና አቧራ

እንደሻው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሞተር በላ። «በላ» ያሉት የሐረር ፈረስ መጋላ ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለመኪናቸው እንጂ ለአፋቸው ፍሬን የላቸውም። ሻይ ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲል አንዱ ይነሣና «ኧረ ሞተር በላው መጣ! ማንቆርቆሪያውን ደብቁ!» ይላል። ሌላው ይቀበልና «ምነው እንደሻው፣ ጽጌሬዳ እራት አትሠራልህም እንዴ?» ይለዋል። ጽጌሬዳ ሚስቱ ናት፤ ካገባት ገና ዓመት አልሞላውም። እንደሻው አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

የሚያናድደው እኮ ወዲህ ነው። የሚሠራበት የከብት ክትባት ቡድን ሁለት ላንድሮቨሮች ነበሩት። ሁለቱም በ1954 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከድሬዳዋ የመጡ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ ቤንዚናቸው ከአንድ በርሜል። አንደኛዋን የሚነዱት ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው፤ ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ መሪ ጨብጠው የኖሩ፣ ግማሹን የሐረር ሾፌር ያስተማሩ ሽማግሌ። እንደሻውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋን የሚነዳው እንደሻው ነው። ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ ከብት ሊከትቡ ሲወርዱ ሁለቱ መኪናዎች አብረው ይወርዳሉ፤ አብረው ይመለሳሉ። የጋሽ ተክለጻድቅ ሞተር አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። የእንደሻው ግን ሁለት ጊዜ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ ፒስተኑን የሚያቅፈው ፋሻ ተበልቶ፣ ሲሊንደሩ በአሸዋ እንደታሸ ድስት ተቧጭሮ ተገኘ።

የቡድኑ አለቃ አቶ ሽፈራው ለመጀመሪያው አዘኑለት። ለሁለተኛው ግን ጠረጴዛቸውን መቱ።

«ስማ እንደሻው፣ ሦስተኛ ሞተር የሚባል ነገር የለም። ክረምቱ ሲገባ መካኒኩ ዩሱፍ መኪናህን ከፍቶ ያያታል። ሞተሯ ተበልቶ ከተገኘ ቁልፉን ታስረክባለህ። ዘበኛችን ጡረታ ሊወጣ ነው፤ አንተ በር ትጠብቃለህ።»

«አቶ ሽፈራው፣ እኔ እኮ ጥፋቴ...»

«ጥፋትህን እኔ ምን አውቄ! ሁለት መኪና፣ አንድ መንገድ። የሳቸው ይሄዳል፣ ያንተ ይሞታል። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

እንደሻው ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ። ሾፌርነት ለእሱ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባቱ ሸዋ በር ላይ የሰው ዕቃ ሲሸከሙ ኖረው ወገባቸው እንደጎበጠ የሞቱ ሰው ናቸው። እሱ መሪ የጨበጠ ቀን እናቱ እልልታውን አቅልጠው ሰፈሩን ሰብስበዋል። ታዲያ አሁን የእነዚያ የፈረስ መጋላ ወሬኞች ጥሩምባ ባስጮሁ ቁጥር እየሮጠ በር ሊከፍትላቸው? ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም።

በማግሥቱ ማልዶ ዩሱፍ ዘንድ ሄደ።

የዩሱፍ ጋራዥ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው። ዩሱፍ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ሙያውን ከጣሊያን ጋራዥ እየለቀመ ያወጣ፣ ሲቆጣም ሲደሰትም «ወላሂ» የሚል መካኒክ ነው። ኮፈኑን አነሣና የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ አወጣው፤ ትንሽ ድስት የሚያህል፣ ታቹ ዘይት የሚይዝ፣ ላዩ በሽቦ መረብ የታጨቀ የብረት ዕቃ።

«ይቺ የመኪናህ አፍንጫ ናት» አለው። «አየሩ በዚህ ይገባል፤ ታች ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይላተማል። አቧራው ዘይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ንጹሑ አየር በመረቡ አልፎ ወደ ሞተር ይሄዳል። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ግን አቧራውን ማን ይይዘዋል? ሞተሩ ይውጠዋል።»

«አጥቼው ነው? በየማታው በቤንዚን አጥቤ ዘይቱን እለውጣለሁ። ማርያምን!»

ዩሱፍ ድስቷን አዘነበላት። ዘይቱ አልፈሰሰም፤ ተጎትቶ ወደቀ።

«ይኼ የስንት ቀን ነው?»

«የትናንት።»

«ያ ሰላም! ይኼ ዘይት ነው ወይስ ገንፎ?»

እንደሻው ከዚያ በኋላ መላ ያለውን ሁሉ ሞከረ። መጀመሪያ «ዘይቱ ቢያንስ ነው» ብሎ እስከ አፉ ግጥም አድርጎ ሞላው። ሞተሩ ዘይቱን ሳበና ጠጣው፤ በፈረስ መጋላ ሲያልፍ የለቀቀው ሰማያዊ ጭስ ጨርቅ ነጋዴዎቹን ሁሉ አስነጠሳቸው። ዩሱፍ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ምልክቱ እዚህ ጋ ተሰምሯል፣ አታይም? ከመስመሩ በታች ረሃብ ነው፣ ከመስመሩ በላይ ስካር ነው! ወጥ መሰለህ እንዴ ዘይት ሲበዛ የሚጥመው?»

ቀጥሎ የጽጌሬዳን ነጠላ ቀደደና የማጣሪያውን አፍ ድርብ አድርጎ ጠመጠመው። አቧራ መቼም አላስገባም፤ አየርም አላስገባም። ከባቢሌ ሲመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቀጥ አለች። ዩሱፍ «አፍንጫዋን አፍነህ ዳገት ውጪ ትላታለህ? አንተስ ትወጣለህ?» ብሎ ጨርቁን ገፈፈው። ጽጌሬዳ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ «ለእኔ ልብስ ግዛልኝ ስለው ያለችኝን አንድ ነጠላ ለመኪና አለበሳት» እያለች ስታወራ ሰነበተች።

ሦስተኛው መላ ከአዲስ አበባ መጣ። ፈረስ መጋላ ያለ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የወረቀት ማጣሪያ አምጥቶ «ዘመናዊ ነው! ዘይት የለ፣ እጥበት የለ!» እያለ ያሳያል። እንደሻው ተቻኩሎ ወደ ዩሱፍ ወሰደው። ዩሱፍ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ዙሪያውን አየና አሰበ።

«አልዋሽህም፣ ከዘይቱ ይበልጥ ያጣራል። ግን ወረቀት ነው። ከታጠበ ይበላሻል፤ ለማራገፍ ድንጋይ ላይ ከመታኸው ይቀደዳል፤ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ ሞተርህን ተሰናበት። ሲሞላ ጥሎ መለወጥ ብቻ ነው። ካራማራ ተራራ ሥር ሲሞላብህ ከማን ትገዛለህ? ከግመሎቹ? ዘይት ግን የትም ሱቅ ታገኛለህ። ማጣሪያ የሚመረጠው በምትሄድበት መንገድ ነው፤ በአዲስነቱ አይደለም። መልስለት።»

መለሰለት። ዩሱፍም ከማጣሪያው ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በጣቱ ጠረገ። ቀዳዳ የለውም፤ ማሰሪያዎቹም ጥብቅ ናቸው። ራሱን አከከ። «ዕቃው ጤነኛ ነው። በሽታው ሌላ ቦታ ነው» አለ።

በሽታውን ያገኘችው ጽጌሬዳ ናት። አንድ ቅዳሜ ከቦኖ ውሃ ልብስ አጥባ ተመለሰችና ያልደረቀ ሸሚዙን ፊቱ ላይ ዘረጋችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከጋሽ ተክለጻድቅ ጋር አንድ መንገድ ነው የምትሄዱት?»

«እንዴታ! ምን ጥያቄ ነው?»

«ዛሬ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ጋር ጎን ለጎን አጠብን። የሳቸው ውሃ ኩልል ብሎ ይወርዳል። የኔ ግን ሸክላ ሠሪ አስመሰለኝ፤ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ቀይ! ሴትዮዋ እንኳ አዝነው "ባልሽ መኪናውን እየገፋ ነው እንዴ የሚሄደው?" አሉኝ። በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።»

እንደሻው ሸሚዙን አየ። ሚስቱን አየ። ወዲያው ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ከነፈ።

ዩሱፍ ነገሩን እንደሰማ የያዘውን መፍቻ ጣለና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ስማ፣ ጋሽ ተክለጻድቅን ስትከተላቸው ስንት ያህል ትርቃለህ?»

«ምን እርቃለሁ? ሃያ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።»

«ለምን?»

እንደሻው ጥያቄው ራሱ ገረመው። ለምን ይባላል እንዴ? የጋሽ ተክለጻድቅ ሕግ ነዋ! ከኋላ የሚመጣ መኪና ከስፖኪዮ መጥፋት የለበትም፤ እሳቸው ያቺን መስታወት በየደቂቃው ያያሉ። ቀድሞ ማለፍማ አይታሰብም። ሰው ያስተማረውን፣ ያውም ሽማግሌ፣ በአቧራ ሸፍኖ እንዴት ያልፋል? ሐረር ውስጥ እንኳን በመኪና በእግርም ታላቅን ቀድሞ በር የሚገባ ባለጌ ይባላል።

ዩሱፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ሞተር በአክብሮት ሲሞት ዛሬ ገና ማየቴ ነው! አንተ ሰው፣ ማታ ማታ አፍንጫዋን ታጥባለህ፤ ቀን ቀን የሰውየውን አቧራ ስታጎርሳት ትውላለህ። ይኼን የሚችል ማጣሪያ የትም አልተሠራም፣ አሜሪካም አልተሠራም። ግማሽ ኪሎ ሜትር ራቅ፤ ነፋስ አቧራውን ይዞልህ ይሂድ። ካልሆነም ፊት ሁን። ዘይቱንም ማታ እስኪሆን አትጠብቅ፤ መንገድ ላይ ቆመህ ለውጠው።»

«ብቆምማ እሳቸውም ይቆማሉ። ብርቅም ይጠብቁኛል።»

«ታዲያ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ጋሼ፣ አቧራዎት ገደለኝ ልበል?»

«ልክ እንደሱ በላቸው።»

«አንተ ንገርልኝ።»

«እኔ መካኒክ ነኝ» አለ ዩሱፍ መፍቻውን እያነሣ። «ሽማግሌ ማስታረቅ ሙያዬ አይደለም።»

እንደሻው አልነገራቸውም። አፉን እንዴት ይክፈተው? ይልቅስ በሚቀጥለው ጉዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ጋሽ ተክለጻድቅ መንገዱ መሐል መኪናቸውን አቁመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ጠበቁት። «እንቅልፍህን ሳትጨርስ ነው የመጣኸው?» አሉት። ደግሞ ቀረ፤ ደግሞ ጠበቁት። በሦስተኛው ጊዜ አልተቆጡም። መስኮቱ ላይ ተደግፈው ዝቅ ባለ ድምፅ «ከእኔ ጋር መሄድ ካስጠላህ ንገረኝ ልጄ» አሉት። ይኼ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። እንደሻው ተጠግቶ ሄደ፤ አቧራውን ቃመ።

ግንቦት አለቀ። ጠዋት ጠዋት ሲያስነሣት መኪናዋ ትንሽ ትንሽ መጨስ ጀምራለች። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከጅጅጋ ማዶ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ መንጋውን እየፈጀ ነው የሚል መልእክት መጣና ሁለቱም መኪናዎች መድኃኒትና ከታቢዎች ጭነው ተነሡ። የዓመቱ የመጨረሻ ጉዞ ነው።

ባቢሌን አልፈው እነዚያ አንዱ በአንዱ ላይ የተሰቀሉ ድንጋዮች ያሉበት ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ነፋሱ ጭራሽ ጠፋ። የፊተኛዋ ያስነሣችው አቧራ የሚሄድበት አጥቶ መንገዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደሻው የሚነዳው በዓይኑ ሳይሆን በግምት ሆነ። ትንሿ አቀበት ላይ ሞተሩ ይዝል፣ ያጣጥር ጀመር። ጥግ ይዞ አቆመ፣ ኮፈኑን ከፈተና ማጣሪያውን ፈታ። ጠዋት የሞላው ንጹሕ ዘይት ጭቃ ሆኗል።

ወዲያው የጋሽ ተክለጻድቅ መኪና ዞራ መጣች። ሽማግሌው ወረዱ። ሸሚዛቸው ዛሬም ነጭ ነው።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

እንደሻው እንደ ልማዱ «ምንም ጋሼ» ሊል አፉን ከፈተ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እጁ ላይ ያለችውን ድስት አየ፤ ዝም ባይነቅዝም ሞተር ግን ይነቅዛል።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና... ሞተሬን የሚበላው የእርስዎ አቧራ ነው።»

ከከታቢዎቹ አንደኛው ድንጋዮቹን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው አንጋጦ ያይ ጀመር።

«የኔ አቧራ?»

«የእርስዎ... ማለቴ የመኪናዎ። ተጠግቼ ስለምከተልዎት። ይኸው ይዩት፣ ይኼ ጠዋት ሐረር ላይ የሞላሁት ዘይት ነው።»

ጋሽ ተክለጻድቅ ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረው አሹት። ጆሯቸው ቀላ።

«ከኋላ የሚመጣ ሁሉ አቧራ ይቅማል። አዲስ ነገር ነው? በሾፌርነት ያለ ነው። ሰው እንኳ አቧራውን ችሎ ይሄዳል፣ ሞተር ምን ሆነ ብሎ ነው?»

«እርስዎ በመጨረሻ ከኋላ የሄዱት መቼ ነው ጋሼ?»

ጥያቄው ከአፉ ካመለጠ በኋላ ራሱም ደነገጠ። ጋሽ ተክለጻድቅ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፍህን አምጣ። የኔን አንተ ንዳ። በሃያ እርምጃ እከተልሃለሁ። ይኼ ነገር ሰበብ ከሆነ ግን ጅጅጋ ላይ እንተያያለን!»

ዘይቱን እስከ መስመሩ ለውጠው ተነሡ።

እንደሻው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ሆነ። ኧረ ጉድ! ለካ በዚህ መንገድ ላይ ሰማይ አለ! ለካ ግራና ቀኙ ግራር ነው፣ ለካ ድንጋዮቹ ላይ ጦጣዎች ተቀምጠው መኪና ያያሉ! አርባ ጊዜ የሄደበት መንገድ እንግዳ አገር ሆነበት። ከዚያ መስታወቱን አየ። ከኋላው ቀይ ደመና ብቻ ነው ያለው፤ ደመናው መሐል ሁለት የፈዘዙ መብራቶች። ልቡ አልቻለም፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ከደመናው ውስጥ ጥሩምባው ጮኸ፦ ሂድ! ሄደ።

ጅጅጋ ሲደርሱ ከሁለተኛዋ መኪና የወረደውን ሰው የገዛ ሚስቱ አትለየውም። ቅንድባቸው ቀይ፣ ጢማቸው ቀይ፣ ነጩ ሸሚዝ ቀይ። ከታቢዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ መድኃኒቱን ሊያወርዱ ተሽቀዳደሙ። ጋሽ ተክለጻድቅ ማንንም ሳያናግሩ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ማጣሪያውን ራሳቸው ፈቱ፣ ድስቷን አዘነበሏት። ሸለቆው ውስጥ የለወጡት ዘይት ተጎትቶ ወደቀ።

እንደሻው በጣሳ ውሃ አመጣላቸው። ተጉመጠመጡ፣ ታጠቡ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ጣሊያን እንደወጣ አብረን ነው መንዳት የጀመርነው። በ1938 ሁለታችንም እህል ጭነን በዚህ መንገድ እንመጣለን፤ እኔ ፊት ነኝ። ወጣት ነኝ፤ መብረር ነው የምወደው። አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም። እዚህ ገባሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ "ይኼ ቀርፋፋ የት ቀረ?" እያልኩ እየሳቅሁ ጠበቅሁት። ሲመሽ ተመለስኩ። ካራማራ ላይ ተገልብጦ አገኘሁት። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር። ስሜን ይጠራ ነበር አሉ።»

ጣሳውን አዘንብለው የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ደፉት።

«ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ያለ ሰው ከመስታወቴ ሲጠፋብኝ ቆሜ ሳልጠብቅ አልሄድም። ስበላም ስተኛም አልረሳውም። ላንተ ብዬ ነበር ልጄ። ስጠብቅህ አቧራ አበላሁህ።»

«ቢነግሩኝ ኖሮ ጋሼ...» አለ እንደሻው። ሽማግሌውም «ብትነግረኝ ኖሮ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ወደ ሐረር በተመለሱ በሳምንቱ አቶ ሽፈራው እንዳሉት አደረጉ። ሁለተኛዋ መኪና ዩሱፍ ጋራዥ ገባች፤ ሞተሯ ተከፈተ። የፈረስ መጋላ ሾፌሮችም ሥራ እንደሌላቸው ሁሉ ተሰብስበው መጥተዋል። ዩሱፍ ፋሻዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ማንም ባይነግረውም እንደሻው አወቀው፤ ፋሻዎቹ ሳስተው ምላጭ መስለዋል።

«ተበልቷል?» አሉ አቶ ሽፈራው።

ዩሱፍ እንደሻውን ሳያይ «ተበልቷል» አለ። «ሲሊንደሩ ግን ገና ነው፤ ፋሻው ከተለወጠና በወጉ ከተያዘች ኢንሻአላህ ትሠራለች።»

«እንግዲህ ተነጋግረናል» አሉ አቶ ሽፈራው ወደ እንደሻው ዞረው። እንደሻው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከሾፌሮቹ አንድም የሳቀ የለም።

«ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። «አቶ ሽፈራው፣ ሞተሯን የበላሁት እኔ ነኝ። ይኼኛውንም፣ የፊተኞቹን ሁለቱንም። ልጁ ማጣሪያዋን እንደ ልጅ አፍንጫ ሲጠርግ ነው የኖረው። አቧራዬ ውስጥ አስገብቼ አልወጣም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን አክብሮ ነው የተዋረደው። ሄጄበት አይቼዋለሁ። በር የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገ እኔ እጠብቃለሁ።»

አቶ ሽፈራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እሳቸውንም መንዳት ያስተማሯቸው ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው።

«ኧረ በስመ አብ! እርስዎን በር ላይ? ምን ብለው ነው ጋሼ? እሺ... እና ምን ይሁን ይላሉ?»

«የኔን መኪና እሱ ይንዳ። ይቺን ያቆሰልኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ላስታምማት።» የአንደኛዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እንደሻው መዳፍ ላይ አስቀመጡ። «ከእንግዲህ አንተ ፊት ትሄዳለህ።»

«ኧረ ጋሼ! እኔ እርስዎን ቀድሜ?»

«እረኛ ከብቱን የሚነዳው ከየት ሆኖ ነው?»

«ከኋላ።»

«በቃ።»

እንደሻው ቁልፉን ጨበጠ፤ ግን ነገሩ አላረፈለትም። «ታዲያ ግማሽ ኪሎ ሜትር መራቅ አለብዎት፣ ካልሆነ ይቺም ትሞታለች። ከዚያ ርቀት ደግሞ አያዩኝም።»

«አቧራህ አለ አይደል?» አሉ ሽማግሌው። «አቧራህ ሲነሣ ካየሁ፣ አለህ ማለት ነው። የቆመ እንደሆነ እደርስልሃለሁ።»

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት፣ እንደገና ወረዱ። እንደሻው ፊት ነው። ባቢሌ ላይ ሁለቱም ቆመው ዘይት ለወጡ፤ ማንም ማንንም አልተቆጣም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ተክለጻድቅ በሰፊው ራቁ፤ እንደሻው መስታወቱን ቢያይ ባዶ መንገድ ብቻ ሆነ። ሸለቆውን አልፎ መሬቱ ድንጋያማና ጠንካራ የሆነበት ቦታ ሲደርስ ጎማው ሥር ምንም አቧራ አልተነሣም። መቶ እርምጃ ሄደ፤ ሁለት መቶ ሄደ፤ ምንም። ሽማግሌው አሁን ከኋላ ምን ያያሉ? አላስችል አለው። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጎ ጎማዎቹን ከመንገዱ ዳር ያለው ልም አፈር ላይ አወጣና ነዳጁን ረገጠ፤ ቀዩ አቧራ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ጠንካራው መሬት እስኪያልቅ ድረስ በመንገዱ ዳር እንደዚያ ነዳ።